ጳጉሜን የማያውቅ ካሜራ

ይህን ገጠመኝ ልጽፈው ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። የምተወው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ስደርስ ነው። ዛሬ ግን ያቺን ቦታ ዘልዬ ሳይሆን ረግጬ ላልፋት ወስኛለሁና ታገሱኝ።

ጎንደር ውስጥ በአንድ መድኃኒት ቤት የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ቤቴ ከከተማው ወጣ ብላ ፀዳ የምትባል ቦታ ነው። ቀኑን ሙሉ ለሰው የምለው "ውስጡ ያለውን ወረቀት ሳታነቡ እንዳትጀምሩት" ነው። ሳያነብ የጀመረ ሰው ከመጣ እቆጣለሁ፤ ቁጣዬን የሚፈሩ ደንበኞች አሉኝ። ራሴ ግን ከገዛሁት ዕቃ ጋር የሚመጣውን ወረቀት ከካርቶኑ ጋር አብሬ የምጥል ሰው ነኝ። መኪና ከያዝኩ ዓመት አልሞላኝም ነበር።

ካሜራውን የላከልኝ አዲስ አበባ ያለው ታናሽ ወንድሜ በላይ ነው። የፊት መስታወት ላይ ተለጥፎ መንገዱን የሚቀርጽ፣ የክብሪት ቤት የሚያህል ነገር። ሐምሌ ላይ በስልክ ሊያስረዳኝ ሞከረ።

"ስሚኝ፣ ካርዱ ትንሽ ነው። የምስሉን ጥራት ዝቅ አድርጊው። የመጨረሻው ጥራት ላይ ካደረግሽው አርባ ደቂቃ ብቻ ነው የሚይዘው።"

"ሲሞላ ይቆማል?"

"አይቆምም። ሦስት ሦስት ደቂቃ እየቆራረጠ ነው የሚቀርጸው። ሲሞላበት በአሮጌው ላይ አዲሱን እየጻፈ ይቀጥላል።"

"ታዲያ ምን ችግር አለው?" ብዬ ጥራቱን የመጨረሻው ላይ አደረግሁት። ካየሁ አይቀር አጥርቼ ልይ ብዬ። ቀንና ሰዓት ሲጠይቀኝ ደግሞ የእኛን ሞላሁለት። ሐምሌ አሥራ አንደኛ ወር ስለሆነ አሥራ አንድ፤ ዓመቱንም ሰዓቱንም በእኛ። በፈረንጅ ቆጠራ የምኖር ሰው አይደለሁም። ሐምሌ አለቀ፣ ነሐሴም አለቀ፣ ቀኑ ዝንፍ አላለም። መጀመሪያ ላይ ጉድጓድ በገባሁ ቁጥር ትንሽ የቁልፍ ምስል እያሳየ ይጮህብኝ ነበር። ጩኸቱ ሲሰለቸኝ ለመነቅነቅ ያለውን ስሜት ዝቅ አደረግሁትና ተገላገልኩ። ለምን እንደሚጮህ አልጠየቅሁም።

ነገሩ የሆነው ጳጉሜን ሦስት፣ በሩፋኤል ዕለት ነው። ዳባት አክስቴ ዘንድ አድሬ ረፋዱ ላይ ወደ ጎንደር እየተመለስኩ ነበር። ዝናብ ይጥላል። የሩፋኤል ዝናብ ጸበል ነውና ሰው ሁሉ ከየቤቱ ወጥቶ ይጠመቅበታል፤ እናቶች ሕጻናቱን አስወልቀው ደጅ አቁመዋቸዋል። እኔም መስኮቴን ዝቅ አድርጌ እጄን አውጥቼ ፊቴን አበስኩ። ደስ ብሎኝ ነበር።

አምባ ጊዮርጊስን አልፌ ወደ ኮሶዬ ስቃረብ ጉሙ ወረደ። አንድ የጭነት መኪና ከፊት ለፊቴ መብራቱን አብርቶ እየበረረ መጣ፤ ጠርዝ ለጠርዝ ተላለፍን። ልቤ ሳይመለስ ጥቂት እንደሄድኩ መንገዱ ዳር በቀኝ በኩል አንድ ነገር ተጋድሞ አየሁ።

ሁልጊዜ የማቆመው እዚህ ላይ ነው።

ሰው ነበር። ጋቢው ጭቃ መስሏል። ሰው መሆኑን አይቻለሁ። መንገድ ላይ ሰው አስተኝተው መኪና የሚያስቆሙ አሉ ሲባል ሰንብቷል፤ ብቻዬን ነኝ፤ ጉሙ ከአሥር ሜትር በላይ አያሳይም። እግሬ ወደ ፍሬኑ አልሄደም። መሪውን ወደ ግራ ሳብ አድርጌ በአጠገቡ አለፍኩ።

ትንሽ እንደሄድኩ አንድ ነገር ያዘኝና ፍሬኑን በኃይል ረገጥኩት። ካሜራው አንዴ ጮኸ። አንዱ ዳር ግድግዳ፣ አንዱ ዳር ገደል ስለሆነ ማዞር አልቻልኩም። አንገቴን ጠምዝዤ፣ በጉም ውስጥ፣ ወደ ኋላ እየነዳሁ ተመለስኩ።

ሽማግሌ ነው። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ወደማይታጠፍበት ታጥፏል፤ ከራሱ ደም ይፈሳል፤ ግን ይተነፍሳል። ሻርፔን አውጥቼ ራሱን እያሰርኩ ሳለሁ ከመንገዱ በላይ ካለው ዳገት የሴት ጩኸት ሰማሁ።

"ኧረ ሰው ገደለች! አጎቴን ገደለችብኝ!"

ከጉሙ ውስጥ ሰዎች ብቅ አሉ፤ አሥር ይሁኑ ሃያ አላውቅም። ሁሉም በዝናቡ የበሰበሱ ናቸው፤ ዱላ የያዙ አሉ። የጮኸችው ሴት ዘውዴ እንደምትባል ኋላ ሰማሁ። የሽማግሌው የእህታቸው ልጅ ናት። ቀድማ ደርሳ ክንዴን ጨበጠችኝ።

"ወደ ኋላ ስትመጣበት በዓይኔ አይቻታለሁ!"

ሰዎቹን ከፍሎ አንድ ጥምጥም የጠመጠመ ቀጭን ሰው መጣ። ከቤተ ክርስቲያን መውጣቱ ነበር። ጎንበስ ብሎ የወደቀውን ሰው ደረት በእጁ ዳበሰ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

"አንች ነሽ የገጨሽው?"

"እኔ አይደለሁም፣ አባቴ። ወድቀው ነው ያገኘኋቸው። እንዳየኋቸው ነው የቆምኩት።"

"እንዳየሽው ከቆምሽ ምነው ወደ ኋላ መጣሽ?"

አይቻቸው አለፍኩ ለማለት አፌ አልከፈት አለኝ። በሰዎቹ ፊት ላይ የነበረችው ጥርጣሬ እዚያው ላይ እርግጥ ሆነች። አንዱ ከኋላ "ዋሸች" አለ፤ ልክ ነበር።

"መሪጌታ፣ ከመኪናዋ እናርቃት" አለ ሌላው።

"ተው" አለ ጥምጥም የጠመጠመው። "ደሴ ወንድሜ ነው። አሁን ሐኪም ዘንድ ይድረስ። እኔ ከጎኗ እቀመጣለሁ።" ወደ እኔ ዞረ። "ቢተርፍ ሸጋ። ካልተረፈ ግን ዘመዱ ብዙ ነው፤ እኔም ላስቆመው አልችልም።"

ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

አያ ደሴን ከኋላ ወንበር ላይ አጋደምናቸው፤ ዘውዴ ራሳቸውን ታፋዋ ላይ አደረገች። መሪጌታ ከጎኔ ተቀመጠ። ቁልፉን ለማስገባት ሁለት ጊዜ ሳትኩ። መኪናዋ ስትነሳ የካሜራው ቀይ መብራት ብልጭ ማለት ጀመረች።

ያን ጊዜ ነው የወንድሜ የበላይ ቃል ጆሮዬ ላይ የመጣው። አርባ ደቂቃ ነው የሚይዘው። በዚያ ጉምና ዝናብ፣ የተጎዳ ሰው ጭኖ፣ ጎንደር ለመድረስ አንድ ሰዓት ይፈልጋል። አያ ደሴን ወድቀው እንዳገኘኋቸው የሚመሰክርልኝ በዓለም ላይ ያ ዕቃ ብቻ ነው፤ እሱም በሄድኩ ቁጥር ምስክርነቱን እየበላ ነው። ካልሄድኩ ሰውየው ይሞታሉ።

ከፊት የሚመጣ እንደሌለ አይቼ እጄን ወደ ካሜራው ገመድ ሰደድኩ። መሪጌታ አንጓዬን ያዘው። ቀጭን ይምሰል እንጂ እጁ ብረት ነበር።

"ምንድን ነው እሱ?"

"መንገድ የሚቀርጽ ካሜራ ነው። የሆነውን ሁሉ አይቷል።"

"አይቶ ከሆነ ምነው ልትነቅይው?"

"ካልነቀልኩት በላዩ ላይ ይጻፍበታል።"

"ማነው የሚጽፍበት?"

"ራሱ ነው።"

ሲያየኝ በዚያች ደቂቃ ለራሴም ውሸታም መሰልኩ። እንዴት አድርጌ ላስረዳው? እኔ ራሴ በወጉ ያላወቅሁትን ነገር፣ በጉም እየነዳሁ፣ ወንድሙ ከኋላ እያቃሰተ።

"አይነካም" አለኝ። "እንዳለ ጎንደር ይግባ።"

እጄን መለስኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ውስጤ አንድ ጥግ ላይ እፎይ አለ። ምስሉ ከጠፋ እታሰራለሁ፣ ከተገኘ ደግሞ አይታ አለፈች እባላለሁ። የቱን ይበልጥ እንደፈራሁ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም።

ኮሶዬ ላይ ስንደርስ አያ ደሴ "ውኃ" አሉ። ከዚያ ወዲያ ድምፅ የለም።

"መሪጌታ፣ ትንፋሹ ቀነሰ" አለች ዘውዴ።

መሪጌታ በግእዝ መድገም ጀመረ። እኔ እናቴን አሰብኩ፤ የአያ ደሴ ዘመዶች ቤቷ መጥተው ሲያንኳኩ ታየኝ። ቀይዋ መብራት ብልጭ፣ ብልጭ ትላለች። እሷን ላለማየት መንገዱ ላይ አፈጠጥኩ፤ ነዳሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ነድቼ አላውቅም። ሆስፒታሉ በር ላይ አልጋ ይዘው ሲቀበሉን አያ ደሴ ይተነፍሱ ነበር። እጄን ከመሪው ላይ ለማላቀቅ ግን ጣቶቼን አንድ በአንድ ማንሳት ነበረብኝ።

ቁልፌን የተቀበለኝ ፖሊስ መኪናዋን ወደ ትራፊክ ጽሕፈት ቤቱ ነዳት። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ፣ ደም ላይ ተቀምጬ፣ መብራቷ ስትበራና ስትጠፋ አያለሁ። ምናልባት የተረፈች አንዲት ቅጂ ካለች እሷም አሁን እየሄደች ነው።

መርማሪው መነጽር ያደረገ፣ ትዕግሥተኛ ሳጅን ነው። ከመሪጌታ ጋር ተከትላን የመጣችው ዘውዴ ያየችውን ተናገረች። እኔ ያንኑ ውሸቴን ደገምኩ፤ "እንዳየኋቸው ቆምኩ።" ሳጅኑ እየጻፈ "ወደ ኋላ ነድታለች ትላለች ምስክሯ" አለኝ። ካርዱን ከካሜራው አውጥቶ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካው። ረጅም ጊዜ አየ።

"ይህ የዛሬ አይደለም" አለ።

"የዛሬ ነው።"

"ሁሉም ላይ አንደኛው ወር፣ ሁለተኛው ቀን ነው የሚለው። ዓመቱም ሌላ ነው። በፈረንጅ ካልነው ሰባት ዓመት ያለፈው ነው፤ በእኛ ካልነው ደግሞ መስከረም ሁለት፣ ገና ያልመጣ ቀን።"

የመጨረሻውን ቅጂ ከፈተ። የጽሕፈት ቤቱ በር፣ ዝናቡ፣ እሱ ራሱ ዣንጥላ ይዞ ሲያልፍ ይታያል። ከታች በኩል ያው አንደኛው ወር፣ ሁለተኛው ቀን ይላል። ሳጅኑ መነጽሩን አወለቀ።

"ቀኑን ነካክተሽዋል። ቀን የነካ ሰው ሌላውንም ይነካል። ይህን ለማስረጃ መቀበል አልችልም።"

"አልነካሁም። በሐምሌ ከሞላሁት ወዲህ አልነካሁትም" አልኩ። ለምን እንደዚያ እንዳለ ግን ማስረዳት አልቻልኩም። ነሐሴን በሙሉ ልክ ነበር። ዘውዴ "በመኪና ውስጥም ልታበላሸው ስትል መሪጌታ ይዟታል" አለች። ሳጅኑ እሱንም ጻፈው።

መሪጌታ እስከዚያ ድረስ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር። ጣቶቹን እያጠፈ ሲቆጥር አየሁት።

"በእኛ ነው የሞላሽው?" አለኝ።

"አዎ።"

"የፈረንጅ አሥራ ሁለተኛ ወር ስንት ቀን ነው፣ ሳጅን?"

"ሠላሳ አንድ።"

"የእኛ ነሐሴ ሠላሳ ነው። መሣሪያው የራሱ ወር መስሎት ጳጉሜን አንድን ሠላሳ አንድ ብሎ ቆጥሯታል። ጳጉሜን ሁለትን ዓመት ለውጦ መስከረም አንድ አላት። ዛሬን መስከረም ሁለት።" እጁን አወረደ። "ጳጉሜን አያውቅም እንጂ አልተነካም። የነካው ሰው ቢሆን ዛሬን ይጽፍበት ነበር።"

ሳጅኑ ራሱ በጣቱ ቆጠረ፤ ቀና ብሎ መሪጌታን አየው። ዘውዴ አፏን ይዛ "መሪጌታ" ብቻ አለች። ወንድሙን ገጭታለች ብሎ የሚያስባት ሴት ስትሰምጥ እያየ ዝም ማለት ይችል ነበር። ዘመኑን ሁሉ ባሕረ ሐሳብ ሲያስተምር የኖረ ሰው፣ የተሳሳተ ቁጥር ዓይኑ እያየ ማለፍ አልሆነለትም መሰለኝ።

ግን አልዳንኩም። ሳጅኑ የመጀመሪያውን ቅጂ ሲከፍት የኮሶዬ ቤቶች ታዩ። ከዚያ በፊት ያለው የለም።

መሪጌታ ስክሪኑን ትኩር ብሎ አየ። "በላዩ ይጻፍበታል ያልሽኝ ይህን ነው?"

"አዎ።"

"እጅሽን የያዝኩት እኔ ነኝ" አለ። ከዚያ በኋላ ተቀመጠ።

ሳጅኑ ስልክ እንድደውል ፈቀደልኝ። በላይ ድምፄን ሲሰማ ደነገጠ። የሆነውን በአጭሩ ነገርኩት።

"ስትቆሚ ፍሬኑን በኃይል ነበር የያዝሽው? ጮኸ?"

"አንዴ ጮኋል።"

"እንግዲያው ቆልፎታል። የተቆለፈ ላይ አይጻፍበትም። ሌላ ማህደር አለ፣ እሱን ክፈቱ።"

ሳጅኑ ከፈተው። ከሐምሌዎቹ የጉድጓድ ቅጂዎች ሌላ አንዲት ቅጂ ብቻ ነበረች። የመኪና አደጋ መስሎት የቆለፋት የእኔን ፍሬን ነው። ሳጅኑ ተጫነው።

ጉም። መጥረጊያው ግራ ቀኝ ይላል። የጭነት መኪናው አለፈ፤ ታርጋው አይነበብም። ከዚያ ቀኝ ዳር የተጋደመ ነገር፤ መኪናዬ ገና ሳትደርስበት ወድቋል። ሦስቱም አዩት። ይህ ይበቃ ነበር፣ እዚያ ላይ ቢያቆሙት። ካሜራው ድምፅም እንደሚቀርጽ አላውቅም ነበር።

"ሰው ነው" ይላል ድምፄ ከኮምፒውተሩ። ከዚያ ቶሎ፣ ሕጻን እንደሚያባብል ሰው፣ "አይደለም። ከረጢት ነው። ከረጢት ነው።" መኪናዋ ወደ ግራ ሸሽታ አለፈች። መጥረጊያው ይጮሃል። "ከረጢት ነው" አልኩ ደግሜ። ዝምታ። መንገዱ ይሄዳል፣ ይሄዳል። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ፣ "ከረጢት ጫማ የለውም"። ፍሬኑ ጮኸ።

በላዩ ያለውን ሰዓት ሳጅኑ አሰላው፤ ካለፍኩባቸው እስከቆምኩ አርባ ሰከንድ ነው። በቃል መቀበያው ወረቀት ላይ አሰፈረው። ፊቴን በእጄ ሸፍኜ ነበር።

"ምነው ይህን ቀድመሽ አልነገርሽን?" አለኝ መሪጌታ።

"አፈርኩ።"

"እኛ ደግሞ ልንገድልሽ ነበር" አለ። ሲወጣ ግን በሩ ላይ ቆሞ እስክነሳ ጠበቀኝ፤ ወደ ሆስፒታሉም አብረን ሄድን። ዘውዴ በመንገዱ ሁሉ ክንዴን ይዛ ነበር፤ ጠዋት የጨበጠችውን ያንኑ ክንድ፣ አሁን እሷ ራሷ እያለቀሰች።

ውድ አንባብያን፣ ካሜራ ያላችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ወርዳችሁ እዩት። ቀኑን በራሱ ቆጠራ ሙሉት፤ ጥራቱን ዝቅ አድርጋችሁ ጊዜውን አርዝሙት፤ ትልቅ ካርድ ግዙለት፤ ድምፅ መቅረጹን እወቁ። ወረቀቱን አንብቡት። ይህን የምትላችሁ ወረቀቱን ትጥል የነበረች ሴት ናት።

ስለ ራሴ ግን የተማርኩት ከዚህ ይከብዳል። ደግ ሰው ነኝ ብዬ ነበር የምኖረው። መድኃኒት ቤት ውስጥ አንዲት እናት "ልጄ ሲሻለው መድኃኒቱን ግማሹ ላይ አቋረጥኩት" ስትለኝ እንዴት እንደምቆጣ ሰዎች ያውቃሉ። አሁን ፊቷን አያለሁ። ልትነግረኝ የፈራችው ነገር እንዳለ ሲገባኝ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። እየዋሸች እንኳ ቢሆን እጠብቃለሁ። የፈራ ሰው ለራሱ ምን እንደሚል ሰምቼዋለሁ፤ በገዛ ድምፄ።

የጭነት መኪናው እስከ ዛሬ አልተገኘም። አያ ደሴ ዝናቡን እንጂ ሌላ ነገር አያስታውሱም። እግራቸው በብረት ተጠግኖ ተኝተው ሳለ ልጠይቃቸው ገባሁ። መሪጌታ ሁሉንም ነግሯቸዋል።

"አንች ነሽ ከረጢት ያልሽኝ?" አሉኝ።

ይቅርታ መጠየቅ ጀመርኩ። እየሳቁ እጃቸውን አወዛወዙ።

"ድምፁ አለ አሉ በስልክሽ። እስኪ አሰሚኝ።"

አልፈለግሁም። እምቢ ለማለት ደግሞ መብት የለኝም። ሳጅኑ የገለበጠልኝን ቅጂ ከፍቼ ስልኩን ጆሯቸው አጠገብ አደረግሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ፤ ከረጢት ነው ስል፣ ደግሜም ስል፣ ዝምታውንም። ፍሬኑ ሲጮህ ዓይናቸውን ገለጡ።

"እዚህ ላይ ድገሚው።"

"የቱን፣ አያ?"

"የቆምሽበትን።"

ደገምኩላቸው። ሦስት ጊዜ ሰሙት።